የሲኞራ ኤልዳ ጠረጴዛ

የእንጨት ማንኪያው የአራጌን ጣቶች መታ።

«እጅህን ከጠረጴዛው ሥር አውጣ!» አለች አስረሳሽ። «ጣሊያን የማይታይ እጅ አይወድም። ጭንህ ላይ ከደበቅከው ቢላዋ የያዝክ ይመስለዋል።»

«ብይዝስ?» አራጌ ጣቶቹን አሻሸ።

«እዚያ ስትደርስ ያዝ። አሁን ግን የእጅህን አንጓ ከጠርዙ ላይ አሳርፍ። ክርንህን አላልኩም! በክርኑ የሚደገፍ ሰካራም ነው።»

ጠረጴዛው በሁለት የጠላ በርሜል ላይ የተጋደመ ሳንቃ ነበር። አስረሳሽ አንሶላ አልብሳዋለች። በላዩ አንድ የቆርቆሮ ሳህን፣ አንድ ሹካ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ሳህኑ ላይ ያለው ፓስታ ቀዝቅዞ ተጣብቋል፤ ዝንቡ ከአራጌ ቀድሞ እየበላው ነው። ወደ አላማጣ የሚወጡ የጦር መኪናዎች በአስፋልቱ ሲያልፉ ሳንቃው ይንቀጠቀጣል።

አራጌ ሹካውን እንደ ብሎን መፍቻ ጨብጦ ፓስታውን ሊቆርጥ ሲል ማንኪያው እንደገና ወረደ።

«አይቆረጥም! ይጠቀለላል። ፓስታ የሚቆርጥ ወይ ሕፃን ነው ወይ ጀርመን፤ ደሴ እያለሁ እንዲህ ትል ነበር ሲኞራ ኤልዳ።»

«ሲኞራ ኤልዳሽ ገደል ትግባ!»

«እስካሁን ገብታለች። ጠቅልል።»

ጠቀለለ። ግማሹ አንሶላው ላይ ወደቀ። አስረሳሽ አላነሳችውም፤ እሱም አላነሳውም። ዝንቡ ወደዚያ ዞረ።

አራጌ ፈንታው በቆቦ ሜዳ የውሃ ጉድጓድ በሚቆፍረው የጣሊያኖች ፕሮጀክት የፓምፕ መካኒክ ነበር። ዘመኑ 1979 ዓ.ም. ነው። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ኢንጂነር ቦኔቲ አንድ መካኒክ ለሥልጠና ወደ አገሩ ሊልክ ፈቃድ አግኝቷል። ዕጩዎቹ ሁለት ናቸው፤ የቆቦው አራጌና የጎብዬው ታሂር። በሥራ አይበላለጡም። የተመረጠው ግን የሚያርፈው ከኢንጂነሩ እህት ቤት፣ ከልጆቿ ጋር ነው። ስለዚህ ቦኔቲና ሚስቱ ሁለቱንም ለእሑድ ምሳ ጠሩ። አብረውን ይብሉ፤ እንያቸው አሉ።

ያልተመረጠው ምን እንደሚጠብቀው ያልገባው ሰው አልነበረም። የሁለቱም ስም በብሔራዊ ውትድርናው ቀጣይ ዙር ውስጥ አለ። ጣሊያን የሄደ ይተርፋል። ያልሄደ በኤንትሬ መኪና ተጭኖ ጦር ሜዳ ይወርዳል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ታደሰ ልጁ የቆቦ እንዲሆን ፈለገ። ጎብዬ አትቀድመንም ይላል፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። አስረሳሽን አስጠራትና ነገሩን ሳያሽሞነሙን ነገራት።

«ቤትሽ አስፋልት ዳር ነው። ቀበሌው ሲፈልገው ቆይቷል። ደሴ ጣሊያን ቤት ኖረሻል፤ የነሱን ሥርዓት ከአንቺ በላይ የሚያውቅ በዚህ አገር የለም። ልጁን አስተምረሽ ካለፈ ቤቱን ማንም አይነካብሽም።»

«ካላለፈስ?»

«አስተምሪው አልኩሽ እኮ።»

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ከደሴ ስትመለስ ጭቃውን በገዛ እግሯ ረግጣ ያቆመችው ነው። ጠላ የምትጠምቀው እዚያ ነው፤ የምትተኛውም እዚያ ነው። ባል የላትም። ልጅ የላትም። ከዚያ ቤት ሌላ መግቢያ የላትም።

ያም ሆኖ የተላከው ሌላ ልጅ ቢሆን ይቀላት ነበር። አራጌ የፈንታው ልጅ ነው። ፈንታው ከማይጨው ሲመለስ አውሮፕላን ያፈሰሰው መርዝ ጀርባውን ልጦታል፤ ቆዳው እስከ ዛሬ እንደ ደረቀ ረግረግ የተሰነጣጠቀ ነው። ጣሊያን የነካውን አይነካም። አስረሳሽ ከደሴ የመጣች ቀን፣ ጫማ ተጫምታ ከአውቶቡስ ስትወርድ፣ «ጣሊያኗ መጣች» ያለው እሱ ነው። ስሙ ተጣበቀ። ገበያ ላይ ጣሊያኗ፣ ወፍጮ ቤት ጣሊያኗ። ከቆቦ እስከ ሮቢት በሌላ ስም የሚያውቃት ጥቂት ነው። ሊያገባት ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ አንድ ሰውም ፈንታው «የጣሊያን ሶልዳቶ ትራፊ» ሲል ሰምቶ ቀርቷል።

አሁን የዚያ ሰው ልጅ ከፊቷ ተቀምጦ በእናቱ ዕድሜ ያለችውን ሴት «አንቺ» ይላል። አንቱ ማለት ጠፍቶት አይደለም።

ትምህርቱ በየቀኑ ከሥራ መልስ ነው። ሲመጣ ሰላም አይላትም። ስትሸኘው ደህና እደር አትለውም።

«ቤት ስትገባ ምን ትላለህ?»

«ፔርሜሶ።»

«ከየት ሆነህ?»

«ከደጃፉ።»

«በሩ ክፍት ቢሆንም። ግባ ቢሉህም። ይፈቀድልኝ ሳትል አንድ እግርህን ብታስገባ ሌባ ነህ። ሱቅስ?»

«ቦን ጆርኖ።»

«ቀድመህ! ዕቃ ሳትጠይቅ። ደግሞ ብርቱካኑን በእጅህ እየጨመቅክ አታማርጥ። ባለሱቁ ራሱ ይሰጥሃል።»

«የበሰበሰ ቢሰጠኝስ?»

«ትበላዋለህ። ከምሳ በኋላ ወተት ያለው ቡና ትጠይቃለህ?»

«አልጠይቅም።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነ መቼ ነገርሽኝ?»

«ምክንያት የለውም። ከጠየቅክ ግን የታመምክ ይመስላቸዋል። ዳቦህንስ የት ታኖራለህ?»

«ጨርቁ ላይ። ሳህን ላይ አይደለም።»

ትምህርቱን ያዘው። አስረሳሽ በዚያ ተናደደች። ደደብ ቢሆንላት ስድቡ ይበረክትላት ነበር።

«ምግብ ሲጨምሩልህ እምቢ አትበል» አለችው አንድ ቀን። «እዚህ ሦስት ጊዜ እምቢ ብለህ በአራተኛው ትበላለህ። እዚያ አንዴ እምቢ ካልክ ድስቱ ሄደ።»

«በሞቴ አይሉም?»

«በማን ሞት? ብትሞት ይቀብሩሃል። አይለምኑህም።»

«ታዲያ ይሄ ሥርዓት ነው?»

«ሥርዓት ነው። ደግሞ ማንንም እንዳታጎርስ። ሴትዮዋን ብታጎርስ ባልየው በጥፊ ይልሃል።»

ሻይ የምትሸጠው ጎረቤቷ ሀጀራ በግድግዳው ቀዳዳ ሁሉንም ትሰማለች። ከወዲያ ማዶ ሳቋ ይሰማል።

«አስረሳሽ!» ትላለች። «እኔንም አስተምሪኝ፤ ምናልባት አንዱ ጣሊያን ያገባኝ ይሆናል።»

«አንቺን የሚያገባ ሹካ አያስፈልገውም፤ አካፋ ነው የሚያስፈልገው።»

«አላህ ይይልሽ!» ሀጀራ እንደገና ትስቃለች። አራጌም ሊስቅ ሲል ማንኪያውን አይቶ ይተወዋል።

ጎፈሬው ነገሩን አባባሰው። የአራጌ ጎፈሬ ቅቤ የጠገበ፣ ማበጠሪያው ተሰክቶበት የሚያድር፣ የራያ ወንድ የሚኮራበት ነው። አስረሳሽ ይቆረጥ አለች።

«ቅቤህ አንሶላቸው ላይ ይቀራል። ሲኞራ ኤልዳ የለመደችው ሽቱ ነው፤ ቅቤ ሲሸታት ራሷን ያማት ነበር።»

ተቆረጠ። ፈንታው ልጁን በአጭር ፀጉር ሲያይ በትሩን ይዞ ወጣና ከአስረሳሽ ደጅ ቆመ። ጠላ የሚጠጡት ሰዎች ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«ጀርባዬን እነሱ ላጡት» አለ። «የልጄን ጭንቅላት አንቺ ላጨሽው።»

«ወደ ጦር ሜዳ ይሂድልህ ታዲያ። እዚያም መላጨታቸው አይቀርም።»

ፈንታውን ለልጁ ከጣሊያን እጅና ከጦር ሜዳ አንዱን ምረጥ ያለው ሰው አልነበረም። ምራቁን ደጃፏ ላይ ተፍቶ ሄደ።

አስረሳሽ ለስድቡ አንድ መልስ ብቻ ነበራት። ከደሴ በተመለሰች በመጀመሪያው ክረምት፣ ከሆርማት ወንዝ ውሃ ሲቀዱ ሴቶቹ ከበው «ገረድ ነበርሽ ወይስ ውሽማ?» ብለዋት ነበር። እሷም «ገረድ? እኔ ከሲኞራ ኤልዳ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ነበር የምበላው። ከጎኗ ነበር ወንበሬ» አለቻቸው። ለዚያች ሰዓት ብቻ የተባለ ነበር። ግን ሠራ። ስድቡ አልቀረም፤ ቅናት ተቀላቀለበት እንጂ። በቅናት መሰደብ ደግሞ ለእሷ የተሻለ ነበር። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛውን ደጋግማ አወራችው፤ ነጭ ጨርቁን፣ የብርጭቆውን ድምፅ፣ ሲኞራዋ «ብዪ አስረሳሽ» ስትላት። ታደሰም ሲያስጠራት ያሰበው ይህንን ወንበር ነው።

ወንበር አልነበራትም። ሲኞራ ኤልዳ የወፍጮ ባለቤት ሚስት ነበረች፤ ጣሊያን አገሩን ከለቀቀ በኋላም ደሴ ከቀሩት አንዷ። አስረሳሽ በልጅነቷ ገብታ ሴትዮዋ ጠቅልላ እስክትሄድ አገለገለች። በምሳ ሰዓት ቦታዋ ከቁምሳጥኑ አጠገብ፣ ግድግዳው ሥር ነበር። ነጭ ሽርጥ ታጥቃ፣ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ደወሉ እስኪደወል ትቆማለች። ሳህን በግራ ታቀርባለች፤ በቀኝ ታነሳለች። የእሷ ምሳ የድስቱ እንጥፍጣፊ ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ቆማ፣ ሌላ ደወል ሳይደወል። ወንበሮቹን በየቀኑ ወልውላለች። አንድም ቀን አልተቀመጠችባቸውም።

ይህ ግን ትምህርቱን ያበላሻል ብላ አልጠረጠረችም። ያየ ያውቃል ብላ ነበር የምታስበው። ያየችውንና ያደረገችውን ለይታ አታውቅም፤ ለእሷ ሁለቱም የጣሊያን ሥርዓት ነው። ስለዚህ ሹካውን ከጨረሱ በኋላ የቀረውን አስተማረችው።

«ሲኞራዋ ስትነሳ ተነስ። እስክትቀመጥ አትቀመጥ።»

«እሺ።»

«ሲጠሩህ ‹ኮማንዲ› በል። ይዘዙኝ ማለት ነው።»

«ለምን ያዙኛል?»

«የጨዋ አነጋገር ነው። ሳይጠይቁህ አታውራ። ስታወራም ዓይኗን አትይ፤ ወለሉን እይ። ቶሎ ብላ፤ እነሱ ሳይጨርሱ ጨርስ። ባዶ ሳህን ካየህ አንሳ፣ በቀኝ በኩል። ባዶ ሳህን ሰው ፊት መተው ስድብ ነው።»

«ሳነሳ ምን ትላለች?»

«ምንም አትልም። ዝም ካለች ደስ ብሏታል ማለት ነው።»

አራጌ ሳህኑን አነሳ፤ አስቀመጠ፤ አነሳ። እሷ ጠረጴዛው ላይ እንደ ሲኞራ ተቀምጣ ትነሳለች፤ እሱም አብሮ ይነሳል። ትቀመጣለች፤ ይቀመጣል። የፈንታው ልጅ በእሷ ትዕዛዝ እንደ ፓምፕ ክንድ ከፍ ዝቅ ሲል ማየት ጣማት። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንኪያውን ረሳችው።

እሑድ ምሳ ሰዓት አስረሳሽ ከጣሊያኖቹ ግቢ ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች። ታደሰ ለወጥ ቤቱ ሰው አግዢ ብሎ አስገብቷታል፤ ልጁ ከተሳሳተ በዓይን ጠቅሺው ብሏታል። ግቢው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ የቆርቆሮ ቤቶች፣ የተደረደሩ የብረት ቱቦዎች፣ ከዚያ ወዲያ የተቃጠለ የማሽላ ሜዳና የዞብል ተራራ። በወጥ ቤቱና በምግብ ክፍሉ መካከል ያለው በር ገርበብ ብሏል። ወንበሮቹ ለእሷ ጀርባቸውን ሰጥተዋል።

ታሂር ቀድሞ መጣ። በጥፍሩ ሥር ጥቁር ዘይት አለ። ፔርሜሶ አላለም፤ «አሰላሙ ዓለይኩም» ብሎ ገባ። ኢንጂነሩ «ወዓለይኩም» አለው፤ ዱሮም አብረው ይሠራሉ። ታሂር ወንበሩን ጎትቶ ተቀመጠና ፓስታው ሲቀርብ ጣቱን ወደ ሳህኑ ቀሰረ።

«ኢንጂነር፣ ይሄ ነገር አሳማ አለበት?»

«የለበትም። የበሬ ነው።»

«ማን አረደው?»

«የቆቦ እስላም ልኳንዳ ቤት።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ» አለ ቦኔቲ። ሚስቱ ክላራ ሳቀች።

አስረሳሽ ከበሩ ሥር ሆና ጥርሷን ነከሰች። እንዲህ ያለ ስድ አይታ አታውቅም። ታሂር አንድ ጊዜ ጠቅልሎ ሸሚዙ ላይ ጣለው፤ «በእጅ ቢሆን ጨርሼው ነበር» አለ። ክላራ ድስቱን ይዛ ልጨምርልህ ስትለው እጁን አወናጨፈ፤ «ኖ፣ ኖ፣ በቃኝ!» ድስቱ ዞረ። ታሂር ድስቱን በዓይኑ ተከተለው።

«ኧረ ሲኞራ! በእኛ አገር እምቢ ሲባል ነው የሚጨመረው!»

ኢንጂነሩ ለሚስቱ ተረጎመላት። ክላራ ድስቱን መለሰችና ሸሚዙ ላይ የወደቀውን እያየች ከበፊቱ አብልጣ ቆለለችለት። ደስ ያላት አይመስልም፤ ጨርቋ ላይ ወጥ ፈሷል። ታሂርን ግን ታየው ነበር። ትመልስለት ነበር።

አራጌ ከደጃፉ ቆሞ «ፔርሜሶ» አለ። እግሩን ሁለት ጊዜ ጠረገ። ጫማው ያበራል፤ ፀጉሩ አጭር ነው። ግባ እስኪሉት አልገባም፤ ተቀመጥ ቢሉት አልተቀመጠም፤ ኢንጂነሩ ወንበሩን ራሱ ስቦ አስቀመጠው። አንጓውን ከጠርዙ ላይ አሳረፈ። ዳቦውን ጨርቁ ላይ አኖረ። ሹካውን ጠቀለለ፤ አንድ ክር አላመለጠውም። አስረሳሽ ከበሩ ኋላ ሆና አንገቷን ቀና አደረገች።

«አራጌ» አለ ኢንጂነሩ።

አራጌ ተነስቶ ቆመ። «ኮማንዲ።»

የኢንጂነሩ ሹካ አፉ ጋ ሳይደርስ ቀረ። «ተቀመጥ እንጂ። ውሃ አቀብለኝ ልል ነው።»

ክላራ ጨው ልታመጣ ተነሳች። አራጌ ተነሳ። ተቀመጠች፤ ተቀመጠ። አይብ ረስታ ነበርና እንደገና ተነሳች፤ እሱም ተነሳ። ታሂር በሳቅ ውሃው በአፍንጫው ሊወጣ ደረሰ።

«አንተ ልጅ ጊንጥ ወንበርህ ላይ አለ እንዴ?»

አራጌ ወለሉን አየ። ክላራ በባሏ አስተርጓሚነት ቤተሰቦችህ ደህና ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችው፤ «አዎ ሲኞራ» አለ ለወለሉ። አባትህ ገበሬ ነው? «አዎ ሲኞራ።» ጣሊያን መሄድ ትፈልጋለህ? «እንዳዘዙኝ ሲኞራ።» ከዚያ በፍጥነት ጨርሶ ቆመና ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረ፤ በቀኝ በኩል፣ ሳያንኳኳ። የራሱን፣ የክላራን፣ ኢንጂነሩ ያልጨረሰውን ጭምር። ይዞ ወደ ወጥ ቤት ገባ።

«እንዴት ነው?» አለ በሹክሹክታ። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል።

«ደህና ነው፤ ቀጥል።»

ያን ጊዜ ከወዲያ ክላራ በጣሊያንኛ ለባሏ ስትናገር ሰማች። ድምጿን አልቀነሰችም፤ ወጥ ቤት ውስጥ ጣሊያንኛ የሚያውቅ አለ ብላ አላሰበችም።

«ይሄን ሰውዬ ሎሌነት ያስተማረው ማነው?»

«እንጃ። ሥራ ላይ እንዲህ አይደለም። ሥራ ላይ ይሰድበኛል።»

«እህትህ ከልጆቿ ጋር የሚቀመጥ ሰው ነው የጠየቀችው። ሳህን የሚያነሳ አይደለም። ይሄን ብንልክላት አንድ ሳምንት ሳይሞላ ታፍራለች። እኔ ራሴ አሁን አፍሬያለሁ።»

አስረሳሽ የያዘችውን ድስት አስቀመጠች። ነገሩ ቀስ ብሎ አልገባትም፤ አንዴ ነው የገባት። አራጌ የሚሠራውን አየችው፤ ሳህኖቹን እንደ ቁመታቸው እየደረደረ ነበር። እሷ የምትደረድረው እንዲህ ነው። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ግድግዳው ሥር ቢቆም ራሷን ነበር የምታየው።

«ሳህኖቹን ተዋቸው» አለችው። «ገብተህ ተቀመጥ።»

«አሁን ቀጥል አላልሽም?»

«ተቀመጥ አልኩህ! አውራ። ሳቅ። ክርንህን አስደግፍ።»

«ሰካራም ነው አላልሽም?»

«አራጌ፣ ግባ!»

«ምን ብዬ ነው የማወራው?» ዓይኑ ፈጠጠ። «አታውራ ብለሽ አስተምረሽኝ፣ ምን ላውራ?»

ገባ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ሁለቱን ክርኖቹን ጠረጴዛው ላይ ጫነ። አልሳቀም። አላወራም። ከዚያ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ታሂር ስለ ጎብዬ ፓምፕ እያወራ ኢንጂነሩ ወረቀት ላይ እየሣለለት ነበር።

ክላራ ቡናውን ልታይ ወጥ ቤት ገባች። አስረሳሽ ሳታስበው ቀጥ ብላ ቆመች፤ እጆቿ ወደ ኋላ ሄዱ፤ ዓይኗ ወረደ። «ኮማንዲ ሲኞራ» አለች።

ክላራ ቆመች። አየቻት።

«አንቺ ነሽ ያስተማርሽው?» አለቻት በጣሊያንኛ።

«አዎ ሲኞራ።»

«የት ተማርሽው?»

«ደሴ። ከሲኞራ ኤልዳ ቤት።»

«ከጠረጴዛቸው ትቀመጪ ነበር?»

«ሁልጊዜ» አለች አስረሳሽ፤ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ።

ክላራ የቡናውን ማፍያ ይዛ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ገጥማ ዘጋችው።

ሰኞ ታሂር እንደሚሄድ ታወቀ። ማክሰኞ ጠዋት የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ታደሰ ከጠረጴዛው ኋላ፣ አራጌ ከግድግዳው ሥር፣ ፈንታው በትሩን ተደግፎ ከበሩ ላይ። ሀጀራ ሻይዋን ትታ መጥታለች። አስረሳሽ መሀል ቆመች።

«አውቃ ነው!» አራጌ ይጮኻል። «ሎሌ አድርጋ ሰደደችኝ። ታሂር ሲያዝረከርክ ይስቃሉ፤ እኔ ሳህን ሳነሳ እንደ ሬሳ ያዩኛል። በአባቴ ቂም ነው የበላችኝ!»

«ዝም በል» አለ ታደሰ። ወደ አስረሳሽ ዞረ። ተናዷል፤ ግን እሷን አስተማሪ ያደረጋት እሱ ስለሆነ ነገሩ እንዲሰፋ አልፈለገም። «ስሚኝ። ሰው የማያውቀውን አያስተምርም። ሳታውቂ የተሳሳትሽ እንደሆነ ተናገሪ። ስህተት ነው ብለን እናልፈዋለን። ቤቱም እንዳለ ይቆያል። አውቀሽ ከሆነ ግን አሻጥር ነው፤ አሻጥር ደግሞ በእኔ እጅ አይቀርም፤ ወደ በላይ ይሄዳል።»

ሀጀራ ከኋላ ቀሚሷን ጎተተቻት።

«አላውቅም ነበር በያቸው» አለች በሹክሹክታ። «ምን ይጎድልሻል? በያቸው።»

አስረሳሽ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ፈንታው ከበሩ ሳቀ። ሲስቅ ሰምታው አታውቅም ነበር።

«ምን ታውቅና!» አለ። «እኔ ድሮም ነግሬያችኋለሁ። ጠረጴዛ ጠረጴዛ ስትለን የኖረች፣ ከወጥ ቤት አልፋ አታውቅም። ሳህን አጣቢ ነበረች። ያስተማረችው ሳህን ማጠብ ነው። ሌላ ከየት ታምጣ!»

ከበሩ ውጭ ያሉት ሳቁ። አንዲት ሴት «ከጎኗ ነበር ወንበሬ!» ብላ የአስረሳሽን ድምፅ አስመሰለች። ሳቁ ጨመረ። ታደሰም እጁን አፉ ላይ አደረገ።

አስረሳሽ ዞራ ፈንታውን አየችው። በትሩን፣ የሚስቀውን ድድ፣ ከሸሚዙ አንገት ሥር የሚታየውን የተሰነጣጠቀ ቆዳ።

«አውቄ ነው» አለች።

ሳቁ ቆመ።

«አስረሳሽ!» አለች ሀጀራ።

«አውቄ ነው አልኩ። እንዴት እንደሚቀመጡ አውቃለሁ። እንዴት እንደሚወራ፣ እንዴት እንደሚሳቅ፣ ሁሉንም ነው የማውቀው። ያንተን ልጅ ግን ሎሌ አድርጌ ሰደድኩት። ጣሊያኗ ስትለኝ ኖረህ የለ? ጣሊያን ባንተ ልጅ ላይ ሲስቅ ማየት አማረኝ። አየሁ። ጠገብኩ።»

ፈንታው በትሩን አነሳ። ሁለት የቀበሌው ሚሊሺያዎች ያዙት። አራጌ ግድግዳውን ተደግፎ ከቆመበት አያት።

«አሁን የምትይው ገብቶሻል?» አለ ታደሰ። «መልሼ ልጠይቅሽ።»

«አትመልስ። ጆሮህ ደህና ነው።»

ታደሰ እስክሪብቶውን አነሳ።

ቀበሌው በዚያው ሳምንት የአስረሳሽን ቤት ወስዶ የማዳበሪያ መጋዘን አደረገው።